የቀዶ ሕክምና ክፍላችንን ማን ይምራው?

ከመካከላችን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች የሆንን አለን። ነፋስ መውጫን የረገጠ ሰው ሁሉ ስሟ በከንቱ እንዳልወጣ ያውቃል። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደው ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና መካከሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ክረምት ከበጋ ነፋሱ አያርፍም።

በዚህ አገር ማታ ደኅና እራቱን በልቶ የተኛ ገበሬ ሌሊት ሆዱን ይዞ ይነሣል። ሆዱ ይነፋል፤ ፈስም ዓይነ ምድርም አልወጣ ይለዋል። መጀመሪያ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይሰጠዋል። ቀጥሎ ጠበል ይወስዱታል። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞት ወደ መኪና መንገድ ይወጣል። ይህን ቃሬዛ እኛም በልጅነታችን ተከትለናል፤ ከፍ ስንልም ጫፉን በትከሻችን ይዘናል። የገበሬው ሕመም የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው። በጊዜው ከተደረሰበት ሐኪሙ ሊፈታው ይችላል፤ ከዘገየ ግን አንጀቱ ይሞታል፤ ሰውየውም ተከትሎ ይሞታል።

ውድ አንባቢያን! በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አንድ የትምህርት ክፍል አመራር መጻፋችን ሊያስገርማችሁ ይችላል። «የቀዶ ሕክምና ክፍል ኀላፊ ማን ሆነ፣ ማን ተሻረ፣ ይህ የሐኪሞች የቤት ጉዳይ ነው፤ የሕግ ተማሪውን፣ የእርሻ ተማሪውን፣ የታሪክ ተማሪውን ምን ያገባዋል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። የእኛ መልስ አጭር ነው። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለች በአንዲት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚያደርገውና የማያደርገው ነገር፣ ያ በቃሬዛ ላይ ያለው ገበሬ ነፋስ መውጫ ሲደርስ እጁ የተማረ፣ ልቡ የረጋ ሰው ይጠብቀው እንደሆነ ወይም አይጠብቀው እንደሆነ ይወስናል። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

የዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ክፍል በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ነው። አንደኛው ጉልቻ በሽተኛውን ማዳን፣ ሁለተኛው ማስተማር፣ ሦስተኛው መመርመር ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ድስቱ ይደፋል። ማከም ብቻ የሚያውቅ ክፍል ጥሩ ሐኪም ቤት ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ማስተማር ብቻ የሚያውቅ ክፍል ያረጀ ደብተር ያነባል። መመርመር ብቻ የሚወድ ክፍልም በሽተኛውን እንደ ቁጥር ይቆጥራል። ኀላፊው ማለት እንግዲህ ሦስቱን ጉልቻ እኩል አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር ሄደው የሠሩትን እንመልከት። በስዊትዘርላንድ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል ቀዶ ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1872 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1917 ድረስ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል መርቷል። ያ አገር እንደ እኛ ደጋ ተራራማ ነው፤ ሰዉም እንደ እኛ ደጋ ሰዎች በእንቅርት ይሠቃይ ነበር። ኮኸር እንቅርት ማውጣትን እጅግ ከመልመዱ የተነሣ፣ ቀድሞ ብዙ ሰው ይገድል የነበረው ኦፕራሲዮን በመጨረሻ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ የማይሞትበት ሆነ። ይህ የማዳን ሥራው ነው።

ነገር ግን ሰውየው በዚህ አልረካም። ሙሉ እንቅርታቸውን ያወጣላቸውን ሰዎች ከዓመታት በኋላ ወደ ሐኪም ቤቱ እንዲመለሱ ጠራቸው። ብዙዎቹ ፊታቸው አብጦ፣ አሳባቸው ደንዝዞ፣ ልጅ የነበሩት ዕድገታቸው ቆሞ አገኛቸው። በ1883 በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ ይህን ገለጠ፤ ጥፋቱን አልሸሸገም። ከዚያ ወዲያ እጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣቱን ተወ፤ የእጢው ሥራ ምን እንደሆነ ለዓለም የታወቀውም ከዚህ ዓይነቱ ምርመራ ነው። በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዙሪያው የተማሩትም ሐኪሞች ዘዴውን ይዘው በብዙ አገር ተበተኑ። እንግዲህ ማዳኑ ምርመራውን ወለደ፤ ምርመራው ማዳኑን አረመ፤ ማስተማሩ ሁለቱንም አሰራጨ። ሦስቱ ጉልቻዎች የምንለው ይህን ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቀድሞ ሐኪም መሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ አውሮፓ መሻገር ነበረበት። በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተና የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይሰድ ጀመር። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ነው። በኤዲንብራ የተማሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች አንዱ ሲሆኑ ፋኩልቲውን ከመሠረቱት መካከል ነበሩ፤ ዲንም ሆነው መርተውታል። ቀዶ ሐኪም በአገሩ ተምሮ በአገሩ ስፔሻሊስት እንዲሆን ከደከሙትም አንዱ ናቸው። በጎንደርም በ1971 ዓ.ም. ግድም ከላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ተጀመረ። ዛሬ ቀዶ ሐኪም የሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ክፍሉ አለ ወይ?» የሚል አይደለም። «ክፍሉ ወዴት ነው የሚመራው?» የሚል ነው።

የፕሮፌሰር አሥራትን ስም ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ የማያንሱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ሲሰናበቱ እርሳቸው አንዱ ነበሩ። በኋላም ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. አረፉ። ስለ ፖለቲካቸው ሰው የተለያየ አስተያየት ሊኖረው ይችላል። እኛ እዚህ የምንለው ግን አንድ ቀዶ ሐኪም በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእጁ ያጠራቀመው ዕውቀት በመጋዘን አይቀመጥም ነው። መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጅ ይገኛል፤ መምህር ሲባረር ግን ከእርሱ ይማሩ የነበሩት እጆች ሁሉ ይጎድላሉ። የክፍል ኀላፊ የሚሾመውና የሚሻረው በሥራው ተመዝኖ እንጂ በወገኑ ተቆጥሮ መሆን የለበትም የምንለው ስለዚህ ነው። አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ባለወንበሩን በየጊዜው መለዋወጥ፣ ወጡን ማን እንደሚሠራው ካልታሰበበት፣ ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ጉልቻዎች አንድ በአንድ እንመለስ።

ማዳንን በተመለከተ፣ አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚመዘነው በሠራቸው ኦፕራሲዮኖች ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሞቱበትንም ሰዎች እንዴት እንደሚቆጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 አንድ ገጽ የማይሞላ የመጠየቂያ ዝርዝር አወጣ። በሽተኛው ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ወገን ነው? መድኃኒቱ ተሰጥቷል ወይ? ፋሻውና መሣሪያው ተቆጥሯል ወይ? የሚሉ ቀላል ጥያቄዎች ናቸው። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። አዲስ መኪና አልተገዛም፤ አዲስ መድኃኒት አልመጣም። ሰዎች ከመቁረጣቸው በፊት ቆም ብለው ተጠያየቁ፤ ይኸው ነው። ወረቀቱ በአገራችንም ይታወቃል። ነገር ግን ከመካከላችን በሕክምና የሚማሩት፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ሐኪም ቤት፣ ወረቀቱ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ በአንድ እጅ ሲሞላ አይተዋል። ጠያቂ ሳይኖር መልሱ ሁሉ «አዎን» ነው። ተማሪው ያን ዕለት የተማረው ምንድን ነው? መስፋትን ሳይሆን መዋሸትን ነው። ይህን የሚያቆም ኀላፊው ብቻ ነው፤ የሚያቆመውም በማስታወቂያ ሳይሆን እርሱ ራሱ ጓንቱን አድርጎ ቆሞ «ጠይቁኝ» ሲል ነው።

እንደዚሁም በየሳምንቱ የሞተው ሰው ለምን እንደ ሞተ በግልጥ የሚመረመርበት ስብሰባ በእውነት የሚካሄድ መሆን አለበት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል የምንሰማው ለበሽተኛው ነው፤ ለሐኪሙም ይሠራል። በዚህ ስብሰባ ላይ ትንሹ ተማሪ ትልቁን ፕሮፌሰር «ለምን ዘገየን?» ብሎ ለመጠየቅ ካልደፈረ ስብሰባው ለቅሶ መድረስ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። ኀላፊው የራሱን ስሕተት አስቀድሞ ቢናገር ሌላው ሁሉ አፉ ይፈታል። ኮኸር ያደረገው ይህንኑ ነው።

ስለ ማስተማር ደግሞ እንነጋገር። በአገራችን ገጠር ሌሊት የምጥ ኦፕራሲዮን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ስፔሻሊስት አይደለም። መንግሥት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2009 ወዲህ የጤና መኮንኖች ሦስት ዓመት በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥራ እንዲሠሩ አድርጓል። እንደ ነፋስ መውጫ ባሉ የወረዳ ሆስፒታሎች የብዙ እናቶች ሕይወት በእነዚህ ሰዎች እጅ አልፏል። እንዲህ ሲሆን አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «ግማሽ ሐኪሞች» እያሉ ይንቋቸዋል። እኛ ይህን ንቀት አንቀበልም።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን እናስታውስ። በወሊድ ጊዜ ተጎድተው ለመታከም ወደ ዶክተሮች ሐምሊን የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ልጅ ነበሩ። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀሩ፤ መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ፤ ቀጥሎ ክር መያዝ፤ ቀጥሎ መስፋት። በመጨረሻ የፊስቱላ ኦፕራሲዮን ራሳቸው የሚሠሩ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ዶክተሮችንም የሚያስተምሩ ሆኑ። በለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ በ1989 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሊን ጋር የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው። ይህ ታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ጥሩ መምህር ከጎኑ ለብዙ ዓመታት ከቆመ እጅ ሊማር የሚችለውን ያህል ያሳያል። የጎደለው ነገር እንግዲህ ከነፋስ መውጫው የጤና መኮንን ጎን የሚቆም መምህር ነው። ተማሪው ጋውኑን ለብሶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከወጣ በኋላ ያስተማረው ክፍል ከረሳው፣ ያ ክፍል ግማሽ አስተማሪ ነው። ግማሽ የሚለው ስም የሚገባው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሦስተኛው ጉልቻ ምርመራ ነው። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። መመረቂያ ጽሑፍ ስንጽፍ ርእሳችንን ከሩቅ አገር መጽሔት እንለቅማለን፤ በደጃችን ያለውን ግን እንንቃለን። ያ የጋይንት ገበሬ አንጀቱ ለምን ተጠማዘዘ? በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ የተለመደ ሕመም መሆኑን የጎንደር ሐኪሞች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ጽፈዋል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች፣ በቦሊቪያና በፔሩ የሚኖሩ ደገኞችም እንዲሁ ይታመማሉ። አንዳንዱ ሐኪም ምክንያቱ ገለባው የበዛ የእህል ምግብ ነው ይላል፤ አንዳንዱ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በአንጀት ውስጥ ያለው ጋዝ ይሰፋል ይላል፤ ሌላው የአንጀቱን ተፈጥሯዊ ርዝመት ያነሣል። ይህን ለመመርመር ከነፋስ መውጫ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያም ውድ አይደለም፤ በደንብ የተጻፈ የኦፕራሲዮን መዝገብ ነው። ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ ከታመመ ስንት ቀኑ ነው፣ በምን መጣ፣ አንጀቱ ሞቶ ነበር ወይ፣ ዳነ ወይስ ሞተ? ይህ በእያንዳንዱ የወረዳ ሆስፒታል በአንድ ዓይነት መልክ ቢጻፍና በዓመቱ መጨረሻ በዩኒቨርሲቲው ቢቆጠር፣ ዓለም ሁሉ ከእኛ የሚማረው ነገር ይገኝበታል።

«አገሩ ድኻ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ይዳን፤ ምርመራው ይቆየን» የሚሉ ቅን ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። ሀብታም አገር ገንዘቡን ቢያባክን ሌላ አለው፤ የድኻ ገንዘብ የት ቢውል ብዙ ሰው እንደሚያድን አስቀድሞ ካልተቆጠረ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም። በሦስተኛው ቀን የመጡት ሲሞቱ በመጀመሪያው ቀን የመጡት ከዳኑ፣ ቀጣዩ ብር ለአምቡላንስና ለጤና ጣቢያ እንጂ ለሌላ ነገር እንደማይውል ማን ይነግረናል? መዝገቡ ነው። በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ላንሴት የተባለው መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው በደኅና ሁኔታና በሚችለው ዋጋ ኦፕራሲዮን እንደማያገኝ ገልጧል፤ ከሕዝቡ ቢያንስ 80 ከመቶው በ2 ሰዓት ውስጥ መሠረታዊ ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ቦታ ሊደርስ ይገባዋልም ብሏል። ከስማዳ ቆላ የተነሣ ቃሬዛ በ2 ሰዓት የት ይደርሳል? መልሱን የምናውቀው እኛ የተሸከምነው ነን።

ለኀላፊው ፍርድ ስንሰጥ ደግሞ ቅን እንሁን። የሚመራው ክፍል በሰላም ጊዜ የሚኖር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ ተጎድቷል። የተደፈሩ ሴቶች እንኳ ሊታከሙበት የሚገባቸውን ቦታ አጥተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ በሽተኛም መድኃኒትም ያልተንቀሳቀሰበት ብዙ ቀን አልፏል። የሐኪሙ ደመወዝም ቤት ኪራዩን አልችል ብሎት በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ልጆቹን ለማብላት ከሰዓት በኋላ ወደ ግል ክሊኒክ የሚሮጠውን መምህር «ለምን አላስተማርከኝም?» ብለን ብቻ ብንወቅሰው ግፍ ይሆንብናል። መንግሥት መምህሩ በአንድ ቦታ ተቀምጦ እንዲያስተምር ከፈለገ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚኖርበትን ይስጠው። ይህን ከተናገርን በኋላ ግን ኀላፊውን የምንጠይቀው ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው።

የምንጠይቀውም ይህ ነው። አንደኛ፣ ኀላፊው በሳምንት የታወቀ ቀን ቆርጦ ራሱ ኦፕራሲዮን ያድርግ፤ በታወቀ ቀንም ራሱ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ያስተምር። ወንበሩ ፊርማ መፈረሚያ ብቻ አይሁን። ሁለተኛ፣ የሞቱትን የሚመረምረው ስብሰባ ለተማሪ ሁሉ ክፍት ይሁን፤ የሚነገረውም ለቅጣት ሳይሆን ለትምህርት ይሁን። ሦስተኛ፣ የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የወረዳ ሆስፒታሎችን ተከፋፍለው ይያዙ። ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የታወቀ የሚጠይቃቸው ክፍል ይኑራቸው፤ መንገድ ሲፈቅድ መምህሩና በስፔሻሊቲ የሚማሩት ሐኪሞች በተራ እየሄዱ አብረው ይሥሩ፤ መንገድ ሲዘጋ ሌሊት የሚነሣ አንድ የስልክ ቁጥር ይኑር። አራተኛ፣ አንድ ዓይነት የኦፕራሲዮን መዝገብ ይውጣ፤ ከመመረቂያ ጽሑፎችም የተወሰኑት ከዚያ መዝገብ ይሠሩ።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሌላውን መውቀስ ቀላል ነውና። በዚህ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ግድም የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተመሥርቶ ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር። ብዙዎቹ ሲሄዱ አጉረምርመዋል፤ ሲመለሱ ግን አገራቸውን አይተው ተመልሰዋል። እኛስ? ከመካከላችን ነጭ ጋውን የሚለብሱት በእኩለ ሌሊት ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚጫወቱትን ሰምተናል። ጨዋታው ስለ ነፋስ መውጫ አይደለም፤ ስለ ውጭ አገር ፈተናና ስለ ቪዛ ነው። መውጣት ወንጀል ነው አንልም። ነገር ግን የሚመራን ሰው በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለውን ድኻ እንዲያስብ እየጠየቅን እኛ በአሥር ሰዓት በረራ ላይ ያለውን ብቻ የምናስብ ከሆነ ጥያቄያችን ከአፍ አያልፍም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ያንን ወንበር የሚይዘው ዛሬ ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው ነው። የምንጽፈው ለእርሱ ጭምር ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የተማሪው ማኅበር እነዚህን አራት ነጥቦች ይዞ ለሕክምና ኮሌጁ ዲን እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። በሕክምና የምትማሩት ደግሞ የማኅበሩን መልስ ሳትጠብቁ መዝገቡን ከነገ ጀምራችሁ በደንብ ጻፉ። ዛሬ ሌሊት በጋይንት አንድ ሰው ሆዱን ይዞ ይነሣል። ጎረቤቶቹ ቃሬዛውን ያዘጋጃሉ፤ እነርሱ የድርሻቸውን ሲያደርጉ ኖረዋል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው።